ዋናው ነው፣ አይደለም፣ አላውቅም

ሞጣ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2010 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ ለመሪጌታ የሻው
ቢቸና

ከሁሉ አስቀድሜ ጉልበትዎን እስማለሁ። እናቴ ጥሩአየሁ፣ እኅቴ አስቻለች፣ ጉባኤ ቤቱ ያሉት የቅኔ ተማሪዎችዎ ሁሉ እንደምን ከረሙልኝ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ። ከናፍቆትዎና ከሞጣ ብርድ በቀር የጎደለብኝ የለም።

ደብዳቤዎን የአውቶቡሱ ረዳት ፋንታ አድርሶልኛል። ስልክ ስደውልልዎ «ነገር በስልክ አይነገርም» ብለው በዘጉብኝ በማግስቱ መድረሱ አስቆኛል፤ አይቆጡኝ። ጥያቄዎችዎን እንደ አጠያየቅዎ እመልሳለሁ።

ስለ አኗኗሬና ስለ ምግቡ የጠየቁኝን በተመለከተ፣ የምኖረው የጓደኛዬ የነጅዋ አባት አቶ ሐምዱ ካከራዩኝ፣ ከሱቃቸው ጀርባ ካለች ክፍል ነው። ሥጋው የየራሳችን ነው፤ ሌላው ጣጣ የለውም። ለጾሙም አይስጉ። የነቢያት ጾም በገባ ዕለት ረስቼ ወተት ላፈላ ስል ድስቱን ከእጄ የነጠቀችኝ ነጅዋ ናት። «ነገ አባትሽ ሲመጡ ምን ልል ነው?» አለችኝ።

ኮሌጁን ጨርሰሽ ለምን የመንግሥት ሥራ አልፈለግሽም ላሉኝ፣ እኔስ ፈልጌው ነበር፤ ያልፈለገኝ እሱ ነው።

«ታዲያ ምን ሠርተሽ ነው የምትበዪ?» ላሉት ደግሞ መልሴ ይኸውልዎ። እኔና ነጅዋ ቴሌግራም በሚሉት የስልክ መላላኪያ ላይ ቻናል ከፍተናል። ስሙ «ዋናው ነው?» ይባላል። ሰው ሊገዛ ያሰበውን ዕቃ ፎቶ ይልክልናል፤ ስልክ አለ፣ ቻርጀር አለ፣ የሶላር መብራት አለ፣ ጫማም አለ። እኛ ኦሪጅናል ይሁን ፎርጅድ አይተን እንነግረዋለን። ቢሮ የለንም። መስተዋቷ የተሰነጠቀ አንዲት ስልክ፣ አንድ አምፖልና የአቶ ሐምዱ የዱቄት ከረጢት የተነጠፈበት አግዳሚ ወንበር ነው ያለን። ሰው ግን ወዶናል። ከግንደወይንም፣ ከሉማሜም፣ ከአዲስ አበባም ይጠይቁናል።

ፎቶ ሲልኩ የዕለቱን ምልክት ከዕቃው ጋር እንዲያስቀምጡ እናዛቸዋለን። ትናንት ሎሚ ነበር። ዛሬ ጥቁር ክር ነው። ምልክት የሌለውን አናይም። ሥራችን ይኸው ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ላብራራልዎ?

የካባዎ ጫፍ መተርተሩን አስቻለች ነግራኛለች። «ወይንእሸት ከሰፋችው ላይ ማንም እጁን እንዳያሳርፍ» ብለዋል አሉ። ደግ አደረጉ። ስመጣ እኔው መልሼ እሰፋዋለሁ።

ልጅዎ ወይንእሸት


ቢቸና፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለልጄ ለወይንእሸት የሻው

ሰላመ እግዚአብሔር ካንቺ ጋር ይሁን። ቤተሰቡ ሁሉ ደኅና ነው፤ ከእኔ በቀር።

ደብዳቤሽን አነበብሁት፤ ዓይኔ ያሳሳተኝ መስሎኝ ደግሜ አነበብሁት። ሎሚ ብለሻል። ጥቁር ክር ብለሻል። ምልክት የሌለውን አናይም ብለሻል። ይህን የጻፈችው ከእኔ ቤት የወጣች ልጅ ናት?

ደብዳቤሽ ከመድረሱ በፊት ወሬሽ ደርሶ ነበር። የደብረ ወርቁ ወልደ ኪዳን በቅሎው ጠፍታበት እዚህ ድረስ መጣ። ቁጭ ካለ በኋላ ከኪሱ ፎቶ አወጣ። የጎረቤቱ ፎቶ ነው።

«መሪጌታ፣ ልጅዎ ሞጣ ላይ በሎሚና በክር ታያለች አሉ። ከእርስዎ ሳትማረው አትቀርም። እስቲ ይችን ይዩልኝ፤ በቅሎየን የወሰደ እሱ እንደሁ ይንገሩኝ» አለኝ።

እንግዲህ ሌባሻይ ሆንሁልሽ። ሌባ አነፍናፊ ፍለጋ ሰው ወደ ቅኔ መምህር ደጃፍ መጣ። ዕድሜዬን በሙሉ «ደብተራ ሁሉ አስማተኛ ነው» የሚለውን አፍ ለመዝጋት የኖርሁ ሰው እንደ ሆንሁ ታውቂያለሽ። ራሴን ሲፈልጠኝ እንኳ ሰው አይቶ ይጠረጥረኛል ብዬ ቅጠል አልበጠስሁም። የዕድሜ ሥራዬን አንቺ በአንድ ሎሚ አፈረስሽው።

ወሬው ሰበካ ጉባኤው ዘንድም ገብቷል። «ወይ ልጃቸውን ይመልሱ፣ ወይ ወንበራቸውን ይልቀቁ» ያለ ሰው አለ፤ ስሙን አልነግርሽም፤ በልጅነትሽ አዝሎሽ ያውቃል።

ስለዚህ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ዕቃሽን ጠቅልለሽ ወደ ቤትሽ ግቢ። አልመጣም ካልሽ ግን ጾሙ ከገባ በኋላ አባት አለኝ ብለሽ አትጻፊልኝ።

ካባውን ማንም አልነካውም፤ አይነካውምም።

የሻው


ሞጣ፣ ጥር 4 ቀን 2010 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ ለመሪጌታ የሻው
ቢቸና

አባት አለኝ ብለሽ አትጻፊ ያሉኝ ዐቢይ ጾም ከገባ በኋላ ነው። ገና አልገባም፤ ስለዚህ አባቴ ብዬ እጽፋለሁ።

ደብዳቤዎን አንብቤ ደነገጥኩ፤ ቀጥሎ ተናደድኩ፤ ወልደ ኪዳን ጋ ስደርስ ደግሞ ሳቅሁ። ነጅዋ ግን አልሳቀችም። «ጥፋቱ ያንቺ ነው። የሎሚውን ነገር ጻፍሽና ምክንያቱን ዋጥሽው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሥራው ላይ ጥፋት የለም፤ አነጋገሬ ላይ ግን አለ። ይቅር ይበሉኝና እንደገና ከሥሩ ልንገርዎ።

ግንደወይን የምታስተምር ውበቴ የምትባል ሴት አለች። ማታ ደብተር የምታርምበት የሶላር መብራት ፈለገች። አዲስ አበባ ያለ የማታውቀው ሰው በቴሌግራም «ኦሪጅናል ሶላር አለኝ፣ በአውቶቡስ እልካለሁ» ብሎ ፎቶ ለጥፏል። ፎቶው ላይ ያለው መብራት በእርግጥም ኦሪጅናል ነው። ፎቶው ግን የእሱ አይደለም፤ ከፋብሪካው ማስታወቂያ የወሰደው ነው። ውበቴ ገንዘቡን ብትልክለት የሚደርሳት ፎርጅዱ ነው፤ ክረምት ሳይገባ ይጠፋባታል። ሰውየው ደግሞ ስልኩን ይዘጋል።

ታዲያ ውበቴ መጀመሪያ እኛን ጠየቀችን። እኛም «ሻጩን እንዲህ በዪው፦ መብራቱ ላይ ሎሚ አስቀምጦ ፎቶ ያንሳልሽ» አልናት። መብራቱ በእጁ ካለ ሎሚ ማስቀመጥ ምን ይቸግረዋል? መብራቱ ከሌለው ግን ሎሚውን ምን ላይ ሊያስቀምጠው ነው? በየቀኑ የምንቀይረውም ለዚሁ ነው። ሁልጊዜ ሎሚ ብንል ሌቦቹ የሎሚ ፎቶ አዘጋጅተው ይጠብቁናል። ሎሚው ምንም አያይም አባቴ፤ ሎሚው ይታያል እንጂ።

ምልክት ያለው ፎቶ ሲደርሰን ሁለተኛው ሥራ ይመጣል። አቶ ሐምዱ ሱቅ ውስጥ ከአስመጪው የመጡ ኦሪጅናል ዕቃዎች አሉ። ካርቶኑን፣ ማሸጊያውን፣ ብሎኑን፣ ማብሪያ ማጥፊያውን ከዚያ ጋር እናስተያያለን። እኔ አያለሁ፤ ነጅዋ እኔ ያልኩትን ሳትሰማ ለብቻዋ ታያለች። ከዚያ ከሦስት መልስ አንዱን እንሰጣለን፦ ዋናው ነው፣ አይደለም፣ ወይም አላውቅም። «አላውቅም» ስንል ለድካማችን ብለው የላኩልንን የሞባይል ካርድ እንመልሳለን። እስቲ የትኛው ጠንቋይ ነው አላውቅም ብሎ የሚመልስ?

የአቶ ሐምዱንም ነገር ልንገርዎ። ሥራ በጀመርን ሰሞን ለማስተያየት ብለን ከመደርደሪያቸው ቻርጀር አወረድን። ራሱ ፎርጅድ ሆኖ ተገኘ። ነጅዋ አባቷ ናቸውና ፈራች፤ እኔም ተከራይ ነኝና ፈራሁ። ግን ነገርናቸው። ለብዙ ቀን ሰላምታችንን በጭንቅላት ብቻ ሲመልሱ ሰነበቱ። አንድ ጠዋት ስንነሣ ቻርጀሮቹ ሁሉ ከመደርደሪያው ወርደዋል። አሁን አዲስ ዕቃ ሲገባ ለእኛ ሳያሳዩ ካርቶን አይፈቱም።

ለመሆኑ ይህን ሥራ እርስዎ አያውቁትም? ያ የአዲስ አበባ ነጋዴ «የጥንት ዳዊት ነው» ብሎ በጭስ ያጠቆረውን ብራና ሲያሳይዎ አጠገብዎ ነበርኩ። አሸተቱት፣ በጣትዎ ዳሰሱት፣ ወደ ፀሐይ አዙረው አዩትና «ይህች ፍየል አምና ቁጥቋጦ ስትቀነጥብ ነበር» አሉት። ያን ቀን ማንም ጠንቋይ አላለዎትም። እኔም በሶላር መብራት ላይ የማደርገው ያንኑ ነው።

ስለዚህ አልመለስም። አጥፍቼ ቢሆን ኖሮ ዛሬውኑ መጥቼ እግርዎ ላይ እወድቅ ነበር። ሥራዬ ንጹሕ ነው፣ እወደዋለሁ፣ እችለዋለሁም። እርስዎን አሳዝኜ መቀመጥ ግን እንቅልፍ ይነሣኛል።

ለወልደ ኪዳን ሲባል ሎሚና ክሩን ትተናል። ከእንግዲህ ምልክታችን የልብስ ሳሙና፣ ማንኪያና የክብሪት ቀፎ ነው። በልብስ ሳሙና የጠነቆለ ሰው እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ስለ በቅሎዋ አዝናለሁ፤ እኛ ግን በፎቶ የሰው ልብ አናይም። ጎረቤቱን እንዲተወው ይንገሩልኝ።

ልጅዎ ወይንእሸት


ቢቸና፣ የካቲት 1 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለወይንእሸት፣ ለዓይኔ ብሌን

እንደምን ሰነበትሽልኝ የኔ እናት? እኛ በጣም ደኅና ነን። ደብዳቤሽ ደርሶኝ በጣም ደስ ብሎኛል። ሁሉንም ነገር በደንብ ስለ ገባኝ ይቅር ብዬሻለሁ። መጀመሪያም አልተቀየምኩሽም። ያን ጊዜ የጻፍኩት ተናድጄ ነው፤ እርሺው። ሥራሽን በርትተሽ ሥሪ። ሰው የሚያወራውን አትስሚ።

ሞጣ ብርድ ስለሆነ ማታ ማታ ሹራብ ደርቢ። ያን ሰማያዊውን። ሳትበዪ እንዳታድሪ። ከስተሻል ወይ? ጾሙ ሳይገባ ብዬ ትንሽ ቅቤ በፋንታ ልኬልሻለሁ፤ ለፀጉርሽም ይሆናል።

ስለ ካባው አታስቢ። እናትሽ አሳምራ ሰፍታልኛለች።

በጣም የምወድሽ አባትሽ
መሪጌታ የሻው


ሞጣ፣ የካቲት 11 ቀን 2010 ዓ.ም.

ይድረስ ለመሪጌታ የሻው
ቢቸና

ጾሙ ገብቷል፤ እኔም ሞጣ ነኝ። ስለዚህ ከላይ «አባቴ» ብዬ ያልጻፍኩት ረስቼ አይደለም።

በየካቲት 1 ቀን የተጻፈ ደብዳቤ በስምዎ ደርሶኛል። ገና ከመክፈቴ ይቅር ብዬሻለሁ የሚለውን አየሁና ሱቁ መሐል አለቀስኩ። አቶ ሐምዱ ሰው የሞተብኝ መስሏቸው ሚዛኑን ጥለው መጡ። ነጅዋም እያነበብኩላት አብራኝ አለቀሰች። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ «እስቲ አምጪው» አለችና ወደ በሩ ብርሃን ወሰደችው። እኔም ያን ጊዜ ማየት ጀመርኩ፤ ምን ላድርግ፣ ሥራዬ ሆነ።

መሪጌታ የሻው በዘመናቸው «ውድ» ብለው ጽፈው አያውቁም። ደብዳቤያቸው ያለ ተግሣጽ አያልቅም። ሰማያዊ ሹራብ እንዳለኝ ቀርቶ ሹራብ እንደሚለበስ እንኳ ልብ የሚሉ አይመስለኝም። ካባቸውን ደግሞ ማንም አይነካውም፤ በታኅሣሡ ደብዳቤ በእጃቸው ጽፈውልኛል። የአስቻለች እጅ ጽሑፍ የእርስዎን አስመስሏል፤ ጎበዝ ናት። ቃሉ ግን የእናቴ ነው፣ ከላይ እስከ ታች።

ስለዚህ መልሳችን፦ አይደለም።

እባክዎ እናቴን እንዳይቆጧት። እኔን ለማጽናናት ያደረገችው ነው። ቅቤው ኦሪጅናል ነበር፤ ፀጉሬን ተቀብቼዋለሁ። ሹራቡንም ደርቤያለሁ።

አሁን የቀረኝን ልናገር። ናፍቀውኛል። ሲቆጡኝም ናፍቀውኛል። በሎሚ ምክንያት አባት የሌለኝ ሰው ልሆን ነው ብዬ ሳስብ የያዝኩትን ፎቶ ሳላይ ስልኩን አስቀምጣለሁ። ሥራዬን ትቼ ብመጣ ግን ጥፋተኛ ነኝ ብዬ ማመኔ ነው፤ ጥፋተኛ አይደለሁም። ይህንን ከእርስዎ በቀር ማንም አላስተማረኝም፤ ያልሠሩትን ጥፋት ሠራሁ ማለት ውሸት ነው ይሉን ነበር።

ይቅርታም ይሁን እርግማን፣ የራስዎን ደብዳቤ ይላኩልኝ። ከውስጡ ምልክት ይኑር። ምልክቱን እኔ አልመርጥም፤ ከእርስዎ በቀር ማንም ሊልከው የማይችል ነገር ይሁን። ከፎርጅድ ይቅርታ ኦሪጅናሉን ቁጣ እመርጣለሁ።

ወይንእሸት


ቢቸና፣ መጋቢት 3 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለልጄ ለወይንእሸት የሻው

ሰላመ እግዚአብሔር ካንቺ ጋር ይሁን።

አስቀድሜ የምነግርሽ፣ ጽሕፈትሽ የዶሮ ጭረት ሆኗል። ስልክ መጠቅጠቅ ጣትሽን አበላሽቶታል። ከእኔ ቤት የወጣ ሰው እንዲህ አይጽፍም፤ አርሚ።

እናትሽንና አስቻለችን ፊት ለፊቴ አስቀምጬ ደብዳቤሽን አነበብሁላቸው። «ካባው» ጋ ስደርስ አስቻለች ተነሥታ ወጣች። እናትሽ ግን አልተነሣችም። «እንዲያው ይቅር ብያታለሁ ማለት ይህን ያህል ከባድ ነው? ምላስህ ሲተሳሰር ጊዜ እኔ አልሁልህ» አለችኝ። በሰው ስም መጻፍ ነውር መሆኑን ነግሬያታለሁ። ሹራቡን ግን ደርቢ፤ እሱ ላይ ልክ ናት።

ከዚያ የሆነውን ስሚ። በእሑዱ ቅዳሴ ማግስት ሰበካ ጉባኤው ጠራኝ። ልጅ የለኝም ልላቸው ቆርጬ ነበር የሄድሁት፤ እውነቱን ልንገርሽ። እንዲያ ብዬ ወንበሬን ላተርፍ ነበር። ጥያቄው ሲመጣ ግን አፌ አልታዘዝ አለኝ። በጥር ወር የጻፍሽልኝን ደብዳቤ ከኪሴ አወጣሁና የመምህሯን መብራት ነገር እነግራቸው ጀመርሁ። ገና ሦስተኛው ዐረፍተ ነገር ላይ ሳለሁ ቴሌግራም ምንድን ነው ብለው ተንጫጩ። ስለዚህ ደብዳቤሽን አጠፍሁትና በራሴ መንገድ ጠየቅኋቸው።

«አንድ ተማሪ ከሌላ ጉባኤ ቤት መጥቶ ባለ ቅኔ ነኝ ቢለኝ፣ ግሩም ቅኔም ቢያሰማኝ፣ አምነዋለሁ?» አልሁ።

«ምን ይታመናል፣ የሰው ቅኔ ሸምድዶ ቢሆንስ!» አሉ።

«ታዲያ ምን እለዋለሁ?»

«በዛሬው በዓል ተቀኝ ይሉታላ!»

«የራሱ ሙያ ከሆነ ይቀኛል። የተሰረቀ ከሆነ የዛሬውን በዓል ከየት ያመጣዋል? የልጄ ሎሚ ይኸው ነው። በዛሬው ተቀኝ ማለት ነው። ነገ ደግሞ በሌላ ተቀኝ ትላለች» አልኋቸው።

ከዚያ ያ አዝሎሽ ያውቃል ያልሁሽ ሰው፣ ሰማው፣ ከጥግ ብድግ ብሎ፦

«እንዲያማ ከሆነ መሪጌታ፣ ልጅዎ ከእርስዎ ነዋ የተማረችው!» አለኝ።

ወልደ ኪዳን በቅሎ ፍለጋ በመጣ ጊዜ ያለኝ ቃል ነው። ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ብዬ ነበር። አሁን ግን «አዎ፣ ከእኔ ነው» አልሁ። ደስ ብሎኝ ነው ያልሁት።

ይህን ማስረዳት የነበረብሽ አንቺ ነበርሽ። ቅኔ ቤት አድገሽ ስለ ፍየል ትጽፊልኛለሽ!

የወልደ ኪዳን በቅሎ ራሷ ተመልሳ ደጁ ላይ ቆመች። ጎረቤቱን ይቅርታ እንዲጠይቅ ልኬዋለሁ። ሰበካ ጉባኤውም አላፈረም፤ ሊገዙት ያሰቡትን የድምፅ ማጉያ ፎቶ አምጥተው «እስቲ ልጅቱ ትየው» ብለውኛል። ማንኪያ ላዩ ላይ አስቀምጦ እንዲያነሣው ሻጩን ያዘዝሁት እኔ ነኝ። ፎቶው ከዚሁ ጋር አለ።

ተመለሽ ያልሁትን አንሥቻለሁ። ለፋሲካ ግን ነይ፤ ከዚያ ወደ ሥራሽ ትሄጃለሽ። አቶ ሐምዱን አክብሬ ሰላም እንዳልኋቸው ንገሪልኝ፤ ቻርጀሩን ያወረደ እጅ ይባረክ። ድስቱን የነጠቀችሽን ልጅም እግዚአብሔር ያክብራት።

ምልክት ይኑር ብለሻል። ሳሙና አልላክሁም። በወረቀቱ እጥፋት ውስጥ ያለው ጥቁር ክር ነው። ከካባዬ ጫፍ፣ አንቺ ከሰፋሽው ላይ በገዛ እጄ የመዘዝሁት ነው። ሌላ ሰው ሊልከው አይችልም፤ ማንንም አላስነካሁምና።

አባትሽ የሻው


ሞጣ፣ መጋቢት 10 ቀን 2010 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ፣ ለአባቴ፣ ለአባቴ ለመሪጌታ የሻው
ቢቸና

የእጅ ጽሕፈቴን እያረምኩ ነው፤ ይኸው ይዩት።

የላኩልንን መርምረናል። ድምፅ ማጉያው፦ አይደለም። ማንኪያውስ አለ፤ ጀርባው ላይ ያለው ማሸጊያ ግን ተፈትቶ እንደገና የተለጠፈ ነው፣ እንዳይገዙት።

ክሩን ደግሞ ካባውን ስሰፋ ተርፎኝ ሣጥኔ ውስጥ ካስቀረሁት ጥቅል ጋር አስተያየሁት። ዓይኔ በእንባ ተሞልቶ አላይ ስላለኝ በደንባችን መሠረት ነጅዋ ለብቻዋ አየችው። መልሷን ጮክ ብላ ስትናገር አቶ ሐምዱ ከሱቅ ሆነው አልሐምዱሊላህ አሉ።

ዋናው ነው።

በሕማማቱ ሰሞን በፋንታ መኪና እመጣለሁ። ጥቅሉንና መርፌዬን ይዤ ነው የምመጣው፤ እስከዚያ ድረስ ካባውን እንዳያስነኩብኝ።

ልጅዎ ወይንእሸት